ያሳላት ያንተ ሲጋራ አልነበረም

ወንድሜ፣

ሥራ በጠዋት ጠርተውኝ ወጥቻለሁ። ሚጢጢን ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት አንተ አድርሳት። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒቷ ከነቱቦው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ለመምህሯ በእጇ ስጣት። ከሩጫ በፊት ሁለቴ ትስባለች።

ትናንት መምህሯ ልጆቹን፣ «ቤታችሁ ምን ያስላችኋል?» ብላ ጠይቃ ነበር። አንዱ አቧራ አለ፣ ሌላዋ ድመት። የእህትህ ልጅ ተነስታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«እማዬ ሽቶ ስትረጭ! ከዚያ አጎቴን ትቆጣዋለች!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ አሉ። መምህሯ ስትነግረኝ እሷም ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ስንሮጥ፣ «ያንተ ሲጋራ ነው!» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼብህ ነበር። አንተ ካቆምክ ወር እንዳለፈህ ብትምልም አልሰማሁህም። ያን ቀን ጠዋት አዲሱን ሽቶ ከአንገት እስከ እግር ተርከፍክፌው ነበር።

ሽቶውን ፎቅ ላይ ላለችው ጎረቤታችን ሰጥቻታለሁ። ልጅ የላትም፤ አፍንጫም ያላት አይመስለኝም።

መስኮቱን ከፍተህ ውጣ።

ስለ ሐሙሱ ነገር አንድ ቃል ልጽፍልህ ነበር፣ ወረቀቱ አለቀብኝ። ገልብጠህ «ጀርባው ባዶ ነው» እንዳትለኝ።

እህትህ