ሁለት መቶ ብቻ የተሠራው ሰዓት

ሶላንዥ፣

የኑሻቴሉ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው፤ እስከ እሑድ እህቴ ጋ ነኝ። ሾርባው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ተራ ነገ የኛ ነው፤ ቁልፉን ከላይኛዋ ጎረቤት ተቀበያት።

ትናንት አንቺ ሥራ ሄደሽ ሳለ ሎይክ መጥቶ ነበር። ልጅሽን ከሠርጉ ወዲህ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ለሠርጉ የሰጠሽውን ሰዓት ሊሸጠው ነው። ከነሳጥኑ ካልሆነ ደህና ዋጋ አያወጣም ብለውታል።

«ለምን አታስረውም?» አልኩት።

«ሰዓት ለማየት ስልክ አለኝ፣ ኢቬት። ለእናቴ እንዳትነግሪያት።»

በሠርጉ ቀን ጥሎት የሄደው ሳጥን አልጋሽ ሥር እንዳለ እያወቅኩ አላውቅም አልኩት።

ሌላም አለ። ያ ስመ ጥሩ ሠዓሊ ከፋብሪካችን ጋር ሆኖ ያወጣውን ሰዓት ለሎይክ ልትገዢው አስበሽ ፎቶውን ስታሳዪኝ፣ «አንቺ እዚያ ነው የምትሠሪው፣ እውነት ያን ያህል ያወጣል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የውስጡን ዕቃ የምገጥመው እኔ ነኝ። ከተራው የሚለየው በፊቱ ሥዕልና ከጀርባው በተቀረጸው የሁለት መቶዎቹ ተራ ቁጥር ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ባልሽ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።
«ያወጣል» አልኩሽ።
የሦስት ዓመት ቁጠባሽ ነበር። ይቅር በይኝ።

ሎይክ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሥራ የምትሆኚ መስሎታል።

ከሥራ ቅሪ። በሩን ራስሽ ክፈቺለት።

ኢቬት