ስልኩ ፊት ስለቆመችው የአበባ ማሰሮ

ለተከበሩ የሐኪሞች የጋራ ክሊኒክ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንቅልፍዎ እንደምን ነው? እኔ በበኩሌ ቆሜ እሄዳለሁ። ጤና እንዳይጓደልብዎ የምመኘው ከልቤ ነው፤ ምክንያቱም አያድርገውና ታመው በራስዎ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መተኛት ግድ ቢሆንብዎ፣ ስልክ አንሥቶ ሐኪም የሚጠራልዎ ሰው ስለማግኘትዎ እርግጠኛ አይደለሁም።

ማንነቴን ባያስታውሱ አልቀየምም። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስትሸኘው የሰነበተችው ሽማግሌ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስሆን፣ ጸጉሬን ያሸበትኩት በትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ውስጥ ረባሽ ልጆችን ስዳኝ ነው። በእናንተ ቤት እንቅርቷን ያስወጣችው ሴትም ባል ነኝ። ፊት ለፊት አግኝቼ ላመሰግንዎ ስላልቻልኩ ምስጋናዬን በአደባባይ፣ በአስተማሪ ልማዴም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ አበባ ማሰሮዋ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ በክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የሸክላ አበባ ማሰሮ አለች። ከጠረጴዛው ዳር ከተቀመጠች ቀኑ ሰላም ነው። ስልኩ ፊት ከቆመች ግን፣ ሠራተኞቹ በሹክሹክታ «መብረቁ» የሚሏቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተቆጥተው ገብተዋልና እስኪበርድላቸው ማንም እንዳይደውልላቸው ማለት ነው። ስልኩን ለማንሣት ማሰሮዋን መግፋት ግድ ስለሆነ «ረስቼው ነው» ብሎ ማመካኘት አይቻልም። እንግዳ ተቀባይዋ ጠዋት ጠዋት የመኪናቸውን በር አዘጋግ አዳምጣ የማሰሮዋን ቦታ ትወስናለች፤ ተሳስታም አታውቅም አሉኝ። አምስት ሐኪሞች በሽርክና ባቋቋማችሁት ቤት ውስጥ፣ አንደኛው መቀስ ሲወረውሩ፣ ነርስ በአስታማሚ ፊት ሲያዋርዱና ከስብሰባ ወንበር ገፍተው ሲወጡ፣ የቀራችሁት አራታችሁ መክራችሁ ዘክራችሁ ያገኛችሁት መፍትሔ ይህ ነው። ሐኪሙን ከመገሠጽ አበባውን ማንቀሳቀስ ቀላል መሆኑን የኛ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ በዘመኑ አልደረሰበትም ነበር።

፪ኛ. ስለ ባለቤቴ አንገት። ቀዶ ሕክምናው አምሮ ሰምሮ አልቋል፤ የመብረቁ እጅ ወርቅ ነው፣ ይህን እኔም አልክድም። ነገር የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ ተኝታ ሳለች ከፋሻው ሥር አንገቷ ማበጥ፣ ድምፅዋም መሻከር ጀመረ። ነርሷ፣ አንዲት ረጋ ያለች ልጅ፣ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ፤ «መጣሁ» ብላ ወጣች፤ ተመልሳም ትራሱን አስተካከለች። ደግማ ወጣች፤ ደግማም ተመልሳ ትራሱን አስተካከለች። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት የተስተካከለ ትራስ አላየሁም። ኋላ እንደተረዳሁት፣ በወጣች ቁጥር ስልኩ ፊት የምታገኘው ማሰሮዋን ኖሯል።

መላው ሲጠፋት በኮሪደሩ የሚያልፉ አንድ ሌላ ሐኪም ለምና ይዛ መጣች። እሳቸውም ከበሩ ሳያልፉ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «የሱ ታካሚ ናት፤ እኔ እጄን ባስገባ ወር ሙሉ ነው የሚያኮርፈኝ» ብለው፣ ኮቴያቸው ሳይሰማ ሄዱ። ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ እኚያ ለስላሳ ሐኪም እርስዎ ነበሩ። የሥራ ባልደረባዎን ላለማስቀየም ያሳዩትን ጥንቃቄ ሳደንቅ እኖራለሁ። እኔም ብሆን ያን ያህል የምኮራበት ነገር አልሠራሁም፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ እጇን ይዤ «አይዞሽ» ስል ነበር።

ባለቤቴ ትንፋሽ አጥታ አንሶላውን መቧጠጥ ስትጀምር ነርሷ ሮጣ ማሰሮዋን ገፋችና ደወለች። «ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትደውዪልኝ!» የሚለው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ እስካለሁበት ክፍል ድረስ ተሰማ። ሐኪሙ ግን መጡ፤ አልጋው ላይ እንዳለች ቁስሉን ከፍተው የታመቀውን ደም አወጡ፤ አንገቷን በስተው ቱቦ አስገቡና ነፍሷን መለሱ። እጃቸው ባለቤቴን ሲያድን አፋቸው ነርሷን ይሰድብ ነበር። ለእጃቸው ምስጋናዬ እውነተኛ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እውነተኛው ምስጋና ምናልባት እሱ ብቻ ይሆናል።

፫ኛ. አቤቱታዬን ተቀብላችሁ ስለወሰዳችሁት ቆራጥ እርምጃ። አጣሪ ኮሚቴያችሁ መብረቁን ጠርቶ ለማነጋገር አስቦ፣ ነገር ግን ጥሪውን የሚያደርስላቸው ሰው በመታጣቱ ያለ እሳቸው ተሰብስቦ እንደወሰነ ሰምቻለሁ። በውሳኔውም መሠረት ነርሷ «ተግባብቶ የመሥራት» ሥልጠና ወስዳ ከታካሚዎች ርቃ መድኃኒት መጋዘን ተመድባለች። ለሐኪሙም ድምፅ የማያሳልፍ ወፍራም በር ያለው ሰፊ ክፍል ተሰጥቷቸዋል። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ «ሠራተኞቻችንን በአክብሮት ያነጋግሩ» የሚል ማሳሰቢያ ለእኛ ለታካሚዎች ተለጥፏል፤ እኔም አንብቤ ታርሜያለሁ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለው ተረት፣ በሩ በዚህ ውፍረት መሠራቱን ያላየ ገበሬ የተረተው መሆን አለበት።

፬ኛ. ትምህርት ቤታችን ውስጥ ጠመኔ የወረወረን ልጅ «ወላጅ አምጣ» እንለው ነበር። ወላጁ መጥቶ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያፍር ልጁ የማፈርን ነገር ከሱ ይማር ነበር። ለመብረቁ ማንን አምጡ እንደምንል ሳሰላስል ከርሜ፣ በመጨረሻ ያገኘሁት እርስዎን ነው።

፭ኛ. ስለ ቀጠሮ። ቱቦው የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል፤ ከወጣ ድምፅዋ ሊመለስ ይችላል፣ እየቆየ ከሄደ ግን ጉሮሮዋ ውስጡ እየጠበበ ጭራሹን ላይመለስ ይችላል ብላችሁናል። ሁለት ጊዜ በቀጠሯችን መጥተን፣ ሁለቱንም ጊዜ ማሰሮዋ ስልኩ ፊት ቆማ ስላገኘናት፣ «ዛሬስ ባይሆን ይሻላል» ተብለን ከእንግዳ መቀበያው ተመልሰናል። ከአራታችሁ አንዳችሁ እንድታዩልን ለምነን «የጀመረው ይጨርሰው» ተባልን። ሌላ ቦታ ብንሄድ ደግሞ የሠራት ሐኪም ካልጻፈልን አንነካም አሉን። መብረቁ እንዲጽፉልን ለመጠየቅ ሊደወልላቸው ያስፈልጋል፤ ለመደወል ደግሞ ማሰሮዋ መነሣት አለባት።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ባለቤቴ ድምፃም ሴት ነበረች። ጓዳ ሆና ሳሎን ካለው ሬዲዮ ጋር ትከራከራለች፤ ዜና አንባቢው ሲሳሳት «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ አስተካክለህ አንብብ!» ትለዋለች፤ ጎረቤት ዜናውን የሚሰማው ከነእርማቱ ነበር። እኔም ዕድሜ ልኬን «እባክሽ ዝም በይልኝ» ስላት ኖሬያለሁ። አሁን ስትፈልገኝ ብርጭቆውን በማንኪያ ትመታለች፤ እኔም እመጣለሁ። ልጃችን ከሩቅ ስትደውል «እማዬ፣ ስሚኝ ብቻ፣ አትቸገሪ» እያለች ብቻዋን አውርታ ትዘጋለች። አንዳንድ ጊዜ ሬዲዮውን እከፍታለሁ፤ አንባቢው ይሳሳታል፤ ባለቤቴ ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። አዝኛለሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። ይህን በማላገጥ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። መብረቁ ይቀጡልኝ አልልም፤ እሳቸው ከሄዱ ግማሹ ታካሚ ተከትሏቸው ይሄዳል እያላችሁ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ይቅርታ ጠይቁኝም አልልም፤ ይቅርታ መጋዘን ውስጥ ያለችው ልጅ እያለቀሰች ጠይቃኛለች፣ እሱ ለሁላችሁም ይበቃል። ለአንዲት ጠዋት ብቻ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወርደው፣ ማሰሮዋን በገዛ እጅዎ አንሥተው፣ ለባልደረባዎ ቢደውሉልን ነው። እንደማያደርጉት አውቃለሁ። የጻፍኩት አለመጠየቅ ነውር ስለሚመስለኝ ነው።

ሰላምዎ እንዳይደፈርስ፣ በርዎ እንዳይንኳኳ፣ ከባልደረባዎም ጋር ሳይቀያየሙ በፍቅር እንዲያረጁ ከመመኘት ጋር፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተኝታ የነበረችው ሴት ባል

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሦስተኛው ቀጠሯችን ደርሶ መጥተን ነበር። ማሰሮዋ ስልኩ ፊት ናት። የሚያንቀሳቅሳት እንጂ የሚያጠጣት ስለሌለ አበባዋም ደርቃለች። እንግዳ ተቀባይዋ የተለመደውን ልትነግረን አፏን ስትከፍት፣ ባለቤቴ እጇን ዘርግታ ማሰሮዋን ገፋችና የስልኩን እጀታ አንሥታ ወደ ልጅቷ ዘረጋችላት። ልጅቷ ቀለሟ ተገፈፈ፤ ወደ ወፍራሙ በር አየች፤ የተቀመጡት ታካሚዎች ሁሉ ወደ በሩ አዩ። ያኔ እጀታውን ከባለቤቴ እጅ ቀስ ብዬ ወስጄ የዘጋሁት፣ ማሰሮዋንም ስልኩ ፊት መልሼ ያቆምኳት፣ «ይቅርታ፣ አሟት ነው» ያልኩትም እኔ ነኝ። ያለ ሥልጠና እንዲህ ተግባብቼ መሥራቴን ኮሚቴዎ ይወቅልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴ ብርጭቆውን መትታ አልጠራችኝም።