ሎሚውና የድንች ልጣጩ

ኅዳር 3
ስኳር ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት እንደ ልማዴ ዘርግቼ አነበብኩት... ከግብርና መጽሔት የተቀደደ ነው። የማዳበሪያን ፍሬ ከሰብል ትርፍራፊ በተሠራ ሽፋን ማልበስ ይቻላል ይላል። ማዳበሪያው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሽፋኑን አፈር ይበላዋል። መጠኑ ላይ ሲደርስ ተቀዷል። ባለሱቁን ቀሪውን ብጠይቀው፣ "እናቴ፣ እሱማ ጨው ተጠቅልሎበት ሄዷል" አለኝ።

ኅዳር 4
ሎሚው ዛሬም ቅጠል ጣለ። የቀረችው አንዲት ቅርንጫፍም ቢጫ እየሆነች ነው። ርቦታል... ግን በየትኛው እጄ ላብላው? ባሌ የሞተ ሰሞን፣ የተከለው ሎሚ ደግሞ እንዳይሞትብኝ ብዬ ማዳበሪያ በእፍኝ በእፍኝ አፈሰስኩበት። ተቃጠለ። ሰው ሁሉ "ጌታውን ተከትሎ በሐዘን ደረቀ" አለ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ስንት ዓመት!

ኅዳር 7
የድንች ልጣጭ ፈጨሁ፣ ጨመቅሁ፣ የዘቀጠውን ነጭ ዱቄት ከጠብታ ዘይት ጋር አበሰልኩ። ማዳበሪያውን በትኩሱ ጨመርኩበት። ሟሟ! ድስት ሙሉ ሙጫ። ማንኪያው ቆሞ ቀረ፤ እኔም።

ኅዳር 11
ሌላ ሙጫ አበሰልኩ፤ ዛሬ ግን አቀዝቅዤ የማዳበሪያውን ፍሬ ለወስኩበት። ሲደርቅ ደገምኩት። በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንከባልዬ ሳህን ላይ አሰጣሁት። ቁርጥ ከረሜላ! ውሃ ይችል ይሆን?

ከሰዓት የባሌ ታላቅ እህት መጣች... በልቤ "ራዲዮ" የምላት። ያየችውን ሳትቀምስ አታልፍም። ውሃ ላመጣላት ገባ ብዬ ስመለስ አፏ ይንቀሳቀሳል። መቼ ሳይንቀሳቀስ ቀርቶ! ልብ አላልኩም። የጎረቤትን ፍቺ ከመጀመሪያው ጠብ እስከ ፍርድ ቤቱ ተረከችልኝ። ከዚያ...
"አንቺ፣ ይሄ ከረሜላሽ ምንም ጣዕም የለውም? አልሟሟም አለ እኮ!"
"እትዬ፣ ይትፉት! ማዳበሪያ ነው!"
ተፋችው። ተጉመጠመጠች፣ ሰደበችኝ፣ እንደገና ተጉመጠመጠች። እኔ የተፋችውን አንስቼ በብርሃን አየሁት። አልተሰነጠቀም። በዚያ ምላስ ያልሟሟ በምን ይሟሟል?

ኅዳር 12
ጥቂት ፍሬ ከግንዱ ራቅ አድርጌ ቀበርኩ። በእፍኝ አይደለም፤ አንድ በአንድ ቆጥሬ።

ጥር 6
ቅርንጫፏ አረንጓዴ ሆነች። ጫፏ ላይ ለጋ ቅጠል! ራዲዮ ቆማ አየችው።
"ሐዘኑን ጨረሰ በይኛ!"
ዛሬስ አልቻልኩም። "እትዬ፣ ያኔ እኮ በሐዘን አልነበረም..."
"አውቃለሁ። በእፍኝ ስታፈሺ በመስኮት አይቼሻለሁ። በሐዘን ደረቀ ብሎ ሰፈሩን ያሳመነው ማን ይመስልሻል? ያንቺ አፍ ነው?"
ያቺ ወሬኛ... ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ወሬ አፏ ውስጥ ይዛ! የኔ ሽፋን ምኑ ነው?
ስትወጣ ለጽጌረዳዋም እንድሠራላት አዘዘችኝ።
"ደግሞ የኔው ላይ ስኳር ጨምሪበት!"