አባዬ የሰፋው ኪስ

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

ልጄ ድምቡሼ ዛሬም ድንጋይ ይዛ ገባች። አራት። ሦስተኛ ፎቅ እስክንደርስ በየደረጃው ማረፊያ እየቆመች ትቆጥራለች። "አንድ፣ ሁለት፣ አምስት።" ቀሚሷ ኪስ የለውም፣ ስለዚህ ተሸካሚው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት እንዲህ ካዘዘችኝ ወደፊት ምን ልትሆን ነው...

ባለቤቴ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። በሩን ልትዘጋ ስትል ተመልሳ አንገቷን ብቅ አደረገች። "ኢንጂነር፣ ካልሲዋ ማሞቂያው ላይ ነው፣ እንዳትረሳ።" ኢንጂነር የምትለኝ ለማቆላመጥ ይሁን ለማሽሟጠጥ እስካሁን አልለየሁም።

ውሎዬ ይኸው ነው። ቁርስ ማብላት፣ ፀጉር ማበጠር (ይሄ ጦርነት ነው)፣ መናፈሻ፣ ምሳ፣ ማስተኛት፣ ልብስ ማጠብ። እሷ ስትተኛ ላፕቶፔን ከፍቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የውኃ ምህንድስና ምሩቅ ነኝ፣ በጥሩ ውጤት። ግን የዲግሪዬ አቻ ግምት፣ እዚህ አገር የሚያሠራኝ ወረቀት፣ ገና አልመጣም። ዛሬ ለቢሮው ስደውል ስልክ ያነሳችው ሴትዮ "ስድስት ሳምንት" አለችኝ። የዛሬ ስድስት ሳምንትም እንዲሁ ነው ያለችኝ። አልዋሸችም መቼም... እሷ ጋ ሁልጊዜ የቀረው ስድስት ሳምንት ነው።

ሱፉ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ጥቁር ሰማያዊ። አባዬ ለመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ብሎ የሰፋልኝ። ወደዚህ አገር ከመጣን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ሱፉ የሚወርደው እሑድ እሑድ ብቻ ነው።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

የስልክ ቀን። ለአባዬ፣ በቪዲዮ።

ከወገብ በላይ ኮት፣ ሸሚዝ፣ ክራባት። ከወገብ በታች የፒጃማ ሱሪ። ባለቤቴ ትራስ አፏ ላይ ደፍታ ትስቃለች። "ዜና አንባቢ መስለሃል።"

አባዬ ሱቁ ሆኖ ነው የሚያነሳው፣ እሑድም ቢሆን። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ የስፌት መኪናው ከፊቱ። መጀመሪያ የሚያየው ፊቴን አይደለም፣ ትከሻዬን ነው።

"አልጠበበህም?"

"ልክክ ብሏል።"

"ቢሮስ?"

"ደህና ነው። እየለመድኩት ነው።"

"ከለመድከው ጥሩ።"

ሥራ ጀመርኩ ያልኩት በመጣን በሁለተኛው ወር ነው። ሁለቴ "በሚቀጥለው ሳምንት" ብዬው ነበር። በሦስተኛው አፈርኩና "ጀመርኩ" አልኩ። አንዲት ቃል። ዛሬ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ሱቁ ገብቶ ስለ እኔ ቢሮ ሰምቶ ነው የሚወጣው። አሁን በምን አፌ ልመልሰው? ሳያውቅብኝ ሥራ ማግኘት አለብኝ። ሌላ መላ የለም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የመኪናው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ልጅ ሆኜ ከሥሩ ነበር የምተኛው፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ። የኮት ገበር ጉንጭ ሲነካ ይቀዘቅዛል። ከላይ ድድድድ... ከዚያ ዝም... ከዚያ መቀሱ። የአባዬ እግር መርገጫው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አውቃለሁ?

ጥቅምት 15፣ ረቡዕ

ድምቡሼ ወንበር ላይ ቆማ ድንጋዮቿን የሱፉ ኪስ ውስጥ ልትከት ስትታገል ደረስኩባት። "አይገባም" ብላ አለቀሰች። አሮጌ ካልሲ ሰጥቼ አስታረቅኋት።

ኅዳር 3፣ እሑድ

ጉድ ሆንኩ።

እንደ ልማዳችን እያወራን ነው። አቢ የምትለኝ ድምቡሼ ጭኔ ላይ። አባዬ ሊያጫውታት ፈልጎ ጠየቃት።

"ጠዋት ማነው ፀጉርሽን የሚያበጥረው?"

"አቢ።"

"ምሳስ ማን ያበላሻል?"

"አቢ።"

"እማዬስ?"

"ሥራ።"

"አቢስ?"

አሰበች። በጣም አሰበች። "አቢ መናፈሻ" አለች።

ለመሳቅ ሞከርኩ። "እሑድን ማለቷ ነው" አልኩ። እሱ ሳይመልስ ልጅቷ የኮቴን ኪስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ስልኩ ጎተተችው። "አባባ፣ የአቢ ኪስ እምቢ አለ። ድንጋይ አይገባም።"

አባዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። "አዎ የኔ እናት" አላት ቀስ ብሎ። "እኔ ነኝ የዘጋሁት።" ከዚያ ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ዘጋው። እሑድ፣ በዚያ ሰዓት፣ ምን ደንበኛ?

ቁልቁል አየሁ። የሁለቱም ኪስ አፍ ላይ ነጭ ክር። ላላ ብሎ የተሰፋ።

አባዬ አዲስ ኮት ሲያስረክብ ኪሱን በነጭ ክር ይዘጋዋል፣ ተሰቅሎ ሲቆይ አፉ እንዳይላላ። ባለቤቱ ለብሶ በሚወጣበት ቀን ይመዝዘዋል። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ሲመጣ ክሩን የምመዝዝለት ማን ነበር? እኔ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በጥርሴ። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ ባልተፈታ ኪስ "ቢሮ ውዬ" እመጣለሁ። ከስልሳ እሑድ በላይ። እየዞርኩ ሳይቀር አሳይቼዋለሁ።

ኅዳር 4፣ ሰኞ

ለባለቤቴ ነገርኳት። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

"ክሩን ፍታና ደውልለት። እውነቱን ንገረው፣ ይለይልህ።"

"ክሩ አይፈታም። ለሥራ ቀን ነው የተባለው።"

"እንዴ፣ በሱ ትዋሻለህ፣ ክሩን ታከብራለህ?"

ካልሲ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ኅዳር 10፣ እሑድ

አልደወልኩም። እሱም አልደወለም። ድምቡሼ ሦስቴ "አባባስ?" አለች። ሱፉ በሩ ላይ ዋለ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አባዬ። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት። ልጅቷ ገንዳ ውስጥ ናት፣ እጄ ሳሙና ነው፣ ቲሸርቴ ደረቴ ላይ ረጥቧል። አነሳሁት።

"እያጠብካት ነው?"

"አዎ።"

"ጆሮዋን ጠብቅ።"

ስልኩን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አቆምኩት። ጭንቅላቷን አጠብኳት። እሱ ያያል። አጥቤ ስጨርስ፣ "አባዬ፣ እኔ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ። ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ምን ልበልህ? ለብሰህ ስትመጣልኝ ደስ ይለኛል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፣ ሲቀልህ ትነግረኛለህ ብዬ ቆየሁ። አንተ ግን ከበደህ መሰል፣ ጭራሽ መደወል ተውክ።"

ድምቡሼ ውኃ ረጨችኝ።

"እናትህ ገጠር ተመድባ ስታስተምር ትዝ ይልሃል?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ሁለት ዓመት ነው። አንተ ከመኪናዬ ሥር። ደንበኛ ይመጣል፣ እናቱስ ይላል። ገበያ ሄዳ ነው እላለሁ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ።"

"ምን ዓይነት ገበያ ነው አይሉህም?"

"ይሉኛል እንጂ። ሩቅ ገበያ ነው እላለሁ።"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ያስለዋል፣ ድሮም እንደዚያው ነው። ለምን እውነቱን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት።

"ሚስቱ ደሞዝ እየላከችለት እሱ ልጅ ያዝላል እንዳይሉኝ ነዋ። ሞኝነት። ያኔ የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ይኸው አልቋል፣ ተቀዶ የወለል መወልወያ ሆኗል። አንተ አለህ።"

ልጅቷን በፎጣ ጠቀለልኳት። ፊቴንም በዚያው ጠራረግሁ።

"ክሩን ልፍታው?"

"ሥራ ስትጀምር። ሳይለበስ የተፈታ ኪስ አፉን ይከፍታል።"

"ለደንበኞችህስ ምን ልትል ነው?"

"ገበያ ሄዷል እላለኋ።"

ታኅሣሥ 11፣ ረቡዕ

አቻ ግምቱ መጣ። ሁለት ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ... ሰባት ማመልከቻ ላኩ በአንድ ቀን። ድምቡሼ ስትነቃ እኔ ስጽፍ፣ ምሳዋን አሳረርኩት።

ታኅሣሥ 25፣ ረቡዕ

ቃለ መጠይቅ። ሱፉን ለበስኩ፣ ክሩ እንዳለ። የከተማውን የውኃ መስመር የሚከታተል መሥሪያ ቤት ነው። ጠያቂዬ ጭቃ የደረቀበት ቦት ጫማ ያደረገች አለቃ። ከክራባቴ ይልቅ እጄን አየች።

ስለ ግፊት ጠየቀችኝ፣ ስለ ፓምፕ ጠየቀችኝ። ይህ ቀላል ነው። ከዚያ ወረቀቴ ላይ ጣቷን አሳረፈች። እዚህ ዓመት ከአምስት ወር ባዶ ነው፣ ምን ስትሠራ ነበር?

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ስለ ኮርስ፣ ስለ ንባብ። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ወጣ። "ልጅ ሳሳድግ ነበር" አልኩ። ለባዕድ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። "እናቱስ?" አላለችም። "ስንት ዓመቱ ነው?" አለች። በዚህ ወር ሦስት እንደሞላት ነገርኳት። "እንግዲያው ሌሊት ቧንቧ ቢፈነዳ አይደንቅህም" ብላ የሆነ ነገር ጻፈች።

ጥር 9፣ ረቡዕ

ተቀበሉኝ። የመስመር ፍተሻ ረዳት መሐንዲስ። ጥር 21 እጀምራለሁ። መዋዕለ ሕፃናቱም ቦታ ተገኝቷል ብሎ በዚሁ ሳምንት ደወለ።

ባለቤቴን አቅፌ ወጥ ቤት ውስጥ አሽከረከርኳት። "ልቀቀኝ፣ ተረኛ ነኝ፣ ወገቤን ልትሰብረው ነው" እያለች ትስቃለች። ድምቡሼ እኔንም እኔንም አለች። ሦስታችንም ዞረብን።

ከሰዓት ግን ልጅቷ ተኝታ ቤቱ ጭር ሲል... ማሞቂያው ላይ ሁለት ካልሲ። መስኮቱ ሥር የድንጋይ ሰልፍ። ዓመት ከምናምን ሙሉ መቼ በወጣሁ ስል የኖርኩበት ክፍል ነው። ምነው ታዲያ?

ጥር 17፣ ሐሙስ

መናፈሻ ሄድን። አራት ሰዓት ላይ እኛና እርግቦቹ ብቻ። ዥዋዥዌው ላይ "ገና፣ አቢ፣ ገና" ትላለች። ድሮ በሃያኛው ግፊት ሰዓት አይ ነበር። ዛሬ እጄ እስኪዝል ገፋኋት። በዚህ ሰዓት፣ በሥራ ቀን፣ ከዚህ በኋላ እዚህ አንሆንም። እሷ ይህን ታስታውሰዋለች? እኔ የማስታውሰው የአባዬን እግር ብቻ ነው። ምናልባት እሷም ከታች ሆና የምታየውን ጫማዬን...

ጥር 21፣ ሰኞ

ሥራው ቱታ ነው የሚለበስበት፣ እዚያው ይሰጣል። አውቃለሁ። ቢሆንም ሱፉን ለበስኩ። ከነሱሪው።

የክሩን ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩና ለድምቡሼ ሰጠኋት። ሳበችው። እየተንሸራተተ ረዝሞ ወጣ። አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች፣ ኪስ መሆኑን ልታረጋግጥ። ሮጣ ሄዳ ከመስኮቱ ሥር አንድ ድንጋይ አመጣች። መረጠችው፣ ቶሎም አልመረጠችም። ግራ ኪሴ ውስጥ ጣለችው።

መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር። ቀለም ነክሮ የሚጫወት ልጅ አይታ እጄን ለቀቀች። ዞራም አላየችኝ። መሐረቡን ለራሴ ተጠቀምኩበት፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ።

መሥሪያ ቤት መልበሻ ክፍል ስገባ አንዱ ፈታሽ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ሠርግ አለህ?" ሁሉም ሳቁ። እስከ ምሳ ሰዓት "ሙሽራው" ሆኛለሁ። ቱታዬ እጅጌው ረጅም ነው። የቁም ሳጥኔ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። ኮቴን ሰቀልኩት፣ በግራ በኩል ዘንበል ብሏል።

ከሰዓት ጉድጓድ ወረድን። የሚያንጠባጥበውን መገጣጠሚያ እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ ከሌሎቹ በፊት። በጆሮዬ። ድድድድ ይል ነበር።

ጥር 27፣ እሑድ

ደወልኩ። ኮት አለ፣ ክራባት የለም። አባዬ ፊቴን አላየም።

"ግራው ኪስ ወርዷል።"

"ድንጋይ አለበት።"

"የምን ድንጋይ?"

"የድምቡሼ። ጠዋት በር ላይ አንድ ትሰጠኛለች። ስድስት ሆነዋል፣ ቅዳሜም ሰጥታኛለች።"

"ኮት እኮ ነው፣ ጆንያ አይደለም" አለ። ሊደብቀው አልቻለም፣ ከጢሙ ሥር ፈገግታው ወጣበት። ስለ ቱታው ነገርኩት፣ ስለ እጅጌው፣ ስለ ሙሽራው። እጅጌውን እንዴት እንደማሳጥር አስረዳኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ የማላውቅ ይመስል።

ከዚያ ልጅቷን ጠራት። ቀሚስ ልስፋልሽ፣ ቁመትሽን ላኪልኝ አላት። በሩ ላይ አስደግፌ ለካኋት፣ ሱፉ ይሰቀልበት በነበረው በር። አልቆም ስትለኝ በሁለት እጇ ድንጋይ አስያዝኳት። ዘጠና አራት። ታድጋለች ብዬ ዘጠና ሰባት አልኩት። "ሦስት ጨመርክ አይደል?" አለኝ። ምንም አያመልጠውም።

"ኪስ ይኑረው" አልኩ።

"ሁለት።"

"በነጭ ክር ትዘጋዋለህ?"

"የሷን አልዘጋም" አለ፣ መርገጫውን እየረገጠ። "እሷ ሥራ ከጀመረች ቆይታለች።"