ደቂቃ ተሳፋሪ የሆነ ዕለት

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ሕፃኑስ እንዴት ነው? ጥርሱ ወጣ ወይስ ገና እንቅልፍ ይነሳሻል? እኛ ደህና ነን። "እኛ" ማለቴን ልብ በይልኝ፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም ስለዚችው ቃል ነው።

በስልክ ስንገናኝ ድምፅሽ አሁንም ቀዝቅዞብኛል። "ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ" ብለሽ ትዘጊያለሽ። አልፈርድብሽም። አልጋ አንጥፈሽ፣ መጋረጃ ሰቅለሽ፣ የስፌት መኪናዬን የሚያመጣልኝን ሰው እንኳ አነጋግረሽ ካበቃሽ በኋላ፣ "አባትሽን ሸኝቼ መጣሁ" ብላ የወጣች እናት በዚያው ስትቀር ያናድዳል። በዚያ ላይ ስልካችን ተዘግቶ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትደውይ ከረምሽ። ለእሱ ይቅርታ ጠይቄሻለሁ፤ አሁንም እጠይቅሻለሁ። ለምን እንደሄድኩ ግን በስልክ ልነግርሽ ስሞክር ቃሉ እየጠፋብኝ ተቸገርኩ። ስለዚህ ልጻፈው።

አንቺ ዘንድ የመጣሁት የልጅ ልጄን ልይ ብዬ ነው። የቀረሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ጠበበኝ። መናኸሪያው ሁሉ "ደቂቃ" እያለ የሚጠራው ሰው፣ የሚነዳው አውቶቡስ ቢያጣ ቤቱን መንዳት ጀመረ። ምሳ በሰዓቱ ካልቀረበ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ይቆማል። የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣች እናት ትንሽ ካረፈደች "አልፎሻል፣ ነገ ተመለሺ" ብሎ ይሸኛታል። መቀሴን ከእጄ ሳስቀምጠው ወስዶ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ "ቦታው እዚህ ነው" ይለኛል። ስሰፋ የማዳምጠውን ሬዲዮ ያጠፋዋል።

እኔ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ባል እያለኝ ብቻዬን የኖርኩ ሴት ነኝ። እሱ መንገዱ ላይ፣ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ። ይመጣል፣ ልብሱን አጥብለታለሁ፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። በዚህ ተስማምተን ልጅ አሳደግን፣ ቤት ሠራን። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣራ ሥር ስንውል ግን ሁለት ባዳዎች መሆናችንን አየሁ። ቢሰድበኝ ወይም ቢጮህብኝ ምክንያት ይሆነኝ ነበር። እሱ እንደሆነ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። እንዲያው ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሌላ ምን ልበልሽ።

አባትሽ እንደ እኔ በአውሮፕላን ሕፃኑን ሊያይ መጥቶ ሲሰነብት አንቺ "አልመለስም" ማለቴን ታውቂ ነበር። ለእሱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እሱም አልጠየቀኝም። ክፍሉን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ገባው። አንቺ የመመለሻውንም የአውሮፕላን ትኬት ልቁረጥልህ ስትዪው "መንገዱን አውቀዋለሁ" ብሎ እምቢ ያለሽን ታስታውሺያለሽ። የሚሄድ ዕለት ጠዋት ሻዩን ጠጣ፣ "እንግዲህ ልነሳ" አለ፣ ሻንጣውን አንጠለጠለ። እኔም እስከ መናኸሪያው ልሸኘው ወጣሁ። በእጄ የነበረችው የትከሻ ቦርሳዬ ብቻ ናት።

የአውቶቡሱ ሾፌር ድሮ የአባትሽ ረዳት የነበረ፣ አሁን ራሱ ሽበት የጀማመረው ሰውዬ ነው። ሲያየን ወርዶ የአባትሽን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ጋሼ፣ ከፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ" አለው። አባትሽ ገባ። እኔ ውጭ ቆሜ በመስኮት አየዋለሁ።

ልጄ፣ ሰውዬው መቀመጥ አያውቅም። እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ያነሳል። ፊት ለፊቱ ያለውን ብረት ይይዛል፣ ይለቃል። ሻንጣውን እግሩ ሥር ይከትና መልሶ ያወጣዋል። ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀኑ የሆነ ልጅ ይመስላል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ፣ ራሱ ተሳፍሮ አያውቅም ለካ። ሳቄ መጣ። ሳቄ ገና ሳያልቅ ደግሞ ሆዴ ባባ። ውሃ ገዝቼ ላቀብለው ብዬ ገባሁ። አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ቁጭ አልኩ።

"ትኬት የለሽም እኮ" አለኝ።

አየሽው አባትሽን? "ልትሄጂ ነው?" አይልም። "ምን ነካሽ?" አይልም።

"ታዲያ አስቆርጥልኛ" አልኩት። "እዚህ ግቢ መቼም ሰው አታጣም።"

ሾፌሩ ራሱ ወርዶ አስቆርጦልኝ መጣ። ይህን ስነግርሽ ልቤ ቆርጦ ነበር ማለቴ አይደለም። ትንሽ ራቅ አድርጌ ልሸኘው፣ ከሚቀጥለው ከተማ እመለሳለሁ ነበር ያልኩት።

መጀመሪያ ላይ መከራዬን ነው ያየሁት። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ይረግጣል። "እዚህ ጋ አይቀደምም" ይላል ለራሱ። "ማርሽ ቀንስ እንጂ" ይላል። ሾፌሩ እንዳይሰማው እጁን እይዘዋለሁ። ሰዓቱን አይቶ ዘግይተናል ይለኛል። ለምን እንደሚቸኩል ብጠይቀው ሰዓቱን እንደገና አየ። ቤት የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጧል።

በኋላ እሱን ተውኩትና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የምናልፍባቸውን ከተሞች በስም አውቃቸዋለሁ። ድሮ ሲደውልልኝ "እዚህ ደርሻለሁ" የሚለኝ ከተሞች ናቸው። መልካቸውን ግን አይቼው አላውቅም። ትልቅ ነው ብዬ ስገምተው የኖርኩት ከተማ አንድ መንገድና አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ቁጭ አለ። ቁም ነገር አለው ያላልኩት ደግሞ ቤቱ በቤት ላይ ተደራርቦ ኮረብታውን ሞልቶት አገኘሁት። አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ አንሶላ ስታሰጣ፣ ንፋሱ አንሶላውን ሰብስቦ ፊቷ ላይ ሲጠቀልልባት፣ ብቻዋን ከት ብላ ስትስቅ አየኋት። ወዲያው አለፍናት። ምን አደረገችልኝ ብትዪኝ ምንም። ብቻ ከእሷ በኋላ "የት ደረስን?" ማለት ተውኩ። እወርድበታለሁ ያልኩት ከተማ መጣ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። እኔ አልወረድኩም። አባትሽም አየኝ። ሻንጣውን ከእግሩ ሥር አንስቶ ላይ ሰቀለው።

ከሰዓት በኋላ ረጅሙ ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለና ቆምን። ሁሉም ወረደ። አባትሽ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ሞተሩ ሄደ። ሾፌሩ በትሕትና "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ፤ እኛ እናየዋለን" አለው። ክፉ ንግግር አይደለም። የአባትሽ ፊት ግን ሲጠወልግ አየሁት። እጅጌውን ወደ ታች እየመለሰ መጣና እኔ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ብርቱካን ልጬ አቀበልኩት።

ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ታች ሐይቅ አለ። ሰፊ ነው። ዳር ዳሩ ሸምበቆ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ሰው ጀልባውን አቁሞ ተቀምጧል። አባትሽ ብርቱካኑን እንደያዘ ቀረ።

"ይሄ ሐይቅ ከየት መጣ?" አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ፀጉሩ የሸበተው በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ነገር ግን ቦታው ክፉ ኩርባ ስለሆነ ዓይን ከአስፋልቱ አይነሳበትም። እዚያ ሲደርሱ ተሳፋሪዎቹ ወደ አንድ ወገን እየተጋፉ "እዩት፣ እዩት" ሲሉ ሁልጊዜ ይሰማቸው እንደነበር፣ ስለምን እንደሚያወሩ ግን አንድም ቀን ዞሮ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሰዎቹ ሞተሩ ላይ ውሃ ሲያፈሱ፣ እንፋሎቱ ሲጮህ ይሰማናል። ውሃውን እያየ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር ተናገረ።

"ስንቱን የማላውቀውን ሰው ሳመላልስ፣ አንቺን አንድ ቀን ጭኜሽ አላውቅም።"

በተጋባን ሰሞን አብሬህ ልሂድ ብዬው ነበር። ሐሳቤን ትከፋፍይዋለሽ፣ የሰው ነፍስ ነው የያዝኩት አለኝ። እውነቱንም ነበር። ደግሜ አልጠየቅኩትም። እሱ ረስቶታል ብዬ ነው የኖርኩት።

"አሁንም አልጫንከኝም" አልኩት። "አብረን ነው የተጫንነው።"

ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አንቺ አይተሽው የምታውቂ አይመስለኝም፤ እኔም ረስቼው ነበር።

ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ተሳፋሪውን መሰብሰብ ሲጀምር ሰዓቱን አላየም። "ብንቀርስ?" አለኝ። ደቂቃ ነው እንግዲህ ይህን የሚለው። ሻንጣውን አወረደ፤ ሾፌሩን ተሰናብተን ከሐይቁ አጠገብ ወዳለችው ከተማ በእግራችን ወረድን። እግሩን እያመመው ሁለት ጊዜ አረፍን። ለማንም መልስ የማንሰጥበት እረፍት ነበር። ስልካችንስ ብትዪኝ፣ የእኔ ባትሪው አልቆ ነበር። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ስልክ ማጥፋት የሥራ ልማዱ ነው፤ ተሳፋሪ መሆኑን እጁ ገና አልሰማም። እኔ ማስታወስ ነበረብኝ። ደስ ሲለኝ እንደምረሳ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም።

አልጋ ይዘን አደርን። ከዚያች ከተማ አባትሽ የሚያውቀው መናኸሪያውን፣ ጎማ ጠጋኙንና ሾፌሮች የሚያድሩበትን ቤት ነው። ከዋናው መንገድ ጀርባ ምን እንዳለ አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ሄደን አየነው። የእንጨት ድልድይ፣ ጫማ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጥላ ያለው መንገድ፣ ዳቦ ቤት። ትኩስ ዳቦ ገዝተን እየቆረስን ስንሄድ አንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በር ላይ ቆመ።

ድሮ ስልክ የሚደወልበት ቤት ነበር አለኝ። አንቺ መወለድሽን የሰማው እዚያ ነው። አክስትሽ "ሴት ናት" ስትለው ስልኩን ዘግቶ ወጣ። አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፣ መሪውን ያዘ፣ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ተሳፋሪው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ምን ብሎ ይንገራቸው። በመጨረሻ ሞተሩን አስነሳና እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ሄደ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ አንዱማ "ተኛህ እንዴ?" አለው። አንድም ቀን የማያረፍደው ሰው ያን ቀን አመሸ። አለቃው ሲጠይቀው "ጎማ ነው" ብሎ ዋሸ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ቤት ስደርስ ተኝተሻል። ስትነቂ ደግሞ እኔ ሄጃለሁ" አለ። "እንደዚያው አለፈ።"

ልጄ፣ እኔ ይህን የሰማሁት አያት ከሆንኩ በኋላ፣ አንድ የማላውቀው ሱቅ በር ላይ፣ ዳቦ እያኘኩ ነው። ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቢሆን አይነግረኝም ነበር፤ እኔም አልጠይቀውም። በአውሮፕላን ብንሄድ ኖሮ ከዚያች ከተማ በላይ በደመና ውስጥ እናልፍ ነበር። ቀሪውን መንገድ በየከተማው እየወረድን፣ እያደርን፣ ደስ ባለን ጊዜ እየተነሳን ሄድን። ቤት ስንደርስ እኔ ትንሽ ከፋኝ። እሱም በሩን ሲከፍት ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር።

ተለወጠ ብዬ አልዋሽሽም። መቀሴ አሁንም ምስማር ላይ ነው የሚውለው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬን መልሶብኝ ተኳርፈናል። ነገር ግን እስከ ምሳ ድረስ የስፌት ክፍሉ የእኔ እንደሆነ ነግሬዋለሁ፤ በሩን እዘጋለሁ፣ ሬዲዮዬን እከፍታለሁ። እሱ ከተማውን በእግሩ ይዞራል። ሲመለስ ያየውን ያወራልኛል፤ ትንሽ ያጋንናል፣ እኔም አላርመውም። አልፎ አልፎ ደግሞ ተነስተን አብረን እንሄዳለን። ወዴት እንደምንሄድ የምንወስነው መናኸሪያው ከደረስን በኋላ ነው። የተጣላንም ቀን ቢሆን እንሄዳለን። መስኮት ዳር ተቀምጦ ማኩረፍ ብዙ አይቆይም።

ዛሬ ግን ብቻዬን ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ፊደሌ የተንጋደደው ለዚያ ነው። ጥሩ ጨርቅ ይሸጥበታል ወደተባለ ከተማ እየሄድኩ ነው፤ ጨርቁ ሰበብ እንደሆነ አንቺ አይጠፋሽም። አባትሽ ጠዋት "አብሬሽ ልምጣ?" አለኝ። የዛሬውን ለእኔ ተወው አልኩት። አልከፋውም፤ ወይም ቢከፋውም ዋጠው። መናኸሪያው ድረስ ቦርሳዬን ይዞ መጣ።

በዚያ ግቢ ውስጥ አውቶቡስ ሲወጣ ቆሞ የቀረበት ቀን የለም። የት እንደሚቆም ግራ ገባው። እጁን ቀድሞ አወዛወዘ፣ ገና እንደሆንን ሲያይ አወረደው። ከዚያ መጥቶ መስኮቴን አንኳኳ። ከፈትኩለት።

"መቼ ነው የምትመለሺው?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነበርኩ ደጃፍ ላይ ቆሜ የምጠይቀው።

"መንገዱ እንዳደረገኝ" አልኩት።

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ዞሬ ሳየው እጁን እንዳነሳ ነበር።

ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አሁን ድልድይ ላይ እየወጣን ነው፤ ከታች ወንዝ ሳይኖር አይቀርም። እስኪ ልየው።

መስኮት ዳር የተቀመጠችው
እናትሽ