የሀይሚ ድምፅ

ጥር 13፣ 1991
የሒሳብ ፈተና ነበር። ደህና ሠራሁ መሰለኝ። ስመለስ ጉርድ ሾላ ወርጄ የእህቴን የሀይሚን የምርቃት ቪዲዮ ካሴት ቪዲዮ ቤት ላለው ለሀይደር ሰጠሁት፣ ወደ ሲዲ እንዲገለብጠው። ኅዳር ላይ ከሞተች ወዲህ ማንም አልከፈተውም።
ሀይደር የካሴቱን ክዳን ገለጥ አድርጎ ክሩን አየና ፊቱን አጨማደደ። «ሻግቷል። ማጫወቻው ዴክ ሊበላው ይችላል። አንዴ ብቻ ነው የምንሞክረው።»
«ሌላ ኮፒ የለንም።»
«እኔስ ለዚህ አይደል የምነግርህ?»
ፎቶማ ሞልቷል። ድምጿ ያለው ግን እዚያ ላይ ብቻ ነው...

ጥር 15
ሱቁ ዝግ ነው። ሀይደር ሰርግ ሊቀርጽ ሄዷል አሉኝ። ጾሙ ሳይገባ ከተማው ሁሉ ሊያገባ ነው እንዴ?
ድምጿን ላስታውስ ሞከርኩ። የምትለው ነገር ይመጣልኛል፣ ድምፁ ግን የራሴ ነው። እንዲህ ነው የሚረሳው?

ጥር 17
ሲዲው ደረሰ። አክስቴ እንቁ ከጅዳ ባመጣችልን ማጫወቻ ብቻዬን ከፈትኩት። ሀይሚ ጋዋኗን ለብሳ ብቅ አለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው መዝሙር ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዝሙር።
እየሮጥኩ ሱቁ ሄድኩ።
«አባትህ መጥተው ነበር» አለ ሀይደር። «ዘፈን አለበት፣ ሀዘን ቤት አይሆንም ብለው የመዝሙር ካሴት ሰጡኝ። እኛ ሌላ ስናስገባ የበፊቱን ድምፅ እናወጣዋለን። ለሰርግም እንደዚሁ ነው የምንሠራው።»
«የእኛ ካሴትስ?»
በፌስታል አሳየኝ። ክሩ ተጨማዶ ተበጥሷል። ደግነቱ ዴኩ የበላው ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ነው። ድምጿ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ... እስከ ነገ ማታ። ነገ የሰርግ ሥራ ሊያስገባ ቦታ ይፈልጋል። ያጠፋዋል።
«አሁኑኑ ገልብጥልኛ።»
«አባትህን አስፈቅድ። እኔ በሰው ሀዘን መሀል አልገባም።»

ጥር 18፣ ጠዋት
ትናንት እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። መብላቱን ተወ።
«እናትህ ጥቁሯን ሳትቀይር በዚህ ቤት ዘፈን አይከፈትም።»
«ዘፈኑን አይደለም። እሷን ነው የፈለግሁት።»
«ጥናትህን አጥና።»
ደግሜ ብጠይቀው ይቆጣል። ዝም ካልኩ ማታ ትጠፋለች። ዛሬ ሥራ ሊሄድ ሲል በር ላይ ያዝኩት። «አባዬ፣ አንዴ ብቻ ስማት። ከዚያ ይጥፋ ካልክ ይጥፋ።» ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።
ምን ልሁን? ክፍል ውስጥ እንዴት ነው የምቀመጠው?

ጥር 18፣ ከትምህርት በኋላ
አባዬ ከእኔ ቀድሞ ሀይደር ሱቅ ደርሷል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ሀይደር ሄድፎኑን አደረገለት። ለእኔ የሚታየኝ ምስሉ ብቻ ነው። ሀይሚ ኬክ ታጎርሰዋለች። ምስሉ ላይ ያለው አባዬ ዓይኑን ይጠርጋል። እሷ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ትለዋለች።
«አላለቀስኩም» አለ አባዬ። ጆሮው ስለተሸፈነ ጮክ ብሎ ነው። በረንዳ ላይ የነበሩት ሁለት ሴቶች ዞረው አዩት። «አቧራ ነው አልኩሽ።»
ሀይደር መሬት መሬት ያያል።
አባዬ ሄድፎኑን አወለቀና ለእኔ አቀበለኝ። ሀይደር ወደ ኋላ መለሰልኝ። «አባዬ፣ ታለቅሳለህ እንዴ? ሰው እኮ ያያል...» ቀጭን ነው ድምጿ። በሐሳቤ ከያዝኩት በጣም ይቀጥናል።
ከጀርባዬ አባዬ ሀይደርን ሲያናግረው ሰማሁ። «እንዳለ ገልብጠው ልጄ። ምንም አትቀንስበት።»

ጥር 23
እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አባዬ ራሱ ሲዲውን አስገባ። እሷ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳበች። ዘፈኑ ሲጀምር ድምፁን ልቀንስ ተነሳሁ።
«ተወው» አለኝ አባዬ። «ዘፈኑ ሲያልቅ ነው ሀይሚ የምትስቀው።»