የመርየማ ድንጋይ

ሰኞ

ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ያንን ድንጋይ ከሐርላ መንደር ያመጣነው እኔና ባሌ ነን።

ጣሊያን በወጣ ማግስት ቤት ስንሠራ፣ ለመሠረት ድንጋይ ልንለቅም ሄድን። ከመንደሩ ጥንታዊ ፍርስራሽና መቃብሮች መሐል ወድቆ አገኘነው። ለስላሳ ስለነበር ልብስ ማጠቢያ አደረግሁት። የዓረብኛ ጽሑፍ እንዳለበት አይቻለሁ። ጽሑፉን ወደ መሬት ገልብጬ አጠብኩበት።

ባሌ ሲሞት ለከተማችን የጥንት ዕቃ ማኅበር ሰጠሁት። «ግቢዬ ውስጥ አገኘሁት» አልኩ። ዛሬ ሙዚየማቸውን አየሁ። በመስታወት ውስጥ አድርገውታል። ካርዱ «ጥንታዊ የመቃብር ድንጋይ። የማን እንደሆነ አይታወቅም» ይላል። አይታወቅም! ብቻዬን ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል?

ማክሰኞ

ወተት ሻጬ ፋጡማ ከሐርላ መጣች። የእናቷ መቃብር ድንጋይ እንደጠፋ የነገረችኝ ድሮ ነው፤ ጫፉ የተሰበረ፣ ጨረቃ የተቀረጸበት። ያን ቀን ማጠቢያዬን ገልብጬ አየሁ። ጨረቃዋ አለች። ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ወተቷን እጠጣለሁ።

«አዴ፣ ከስተሻል» አለችኝ ዛሬ፤ እናቴ ማለቷ ነው። «ውሃ ቀላቅላ ነው የምትሸጥላት ይሉኛል!» ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

ረቡዕ

ዓረብኛ የሚያነቡትን ጨርቅ ሻጩን ሼህ ዑመርን ይዤ ሙዚየም ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«መርየማ ይላል፤ የፋጡማ እናት። የምን ጥንት ነው? አባቴ እኮ ናቸው የቀበሯት!»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፊቱ ተለዋወጠ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጡበታል። «እንግዶቹ ይሂዱና እንነጋገራለን» አለ።

«መርየማም እንግዶቹን ትጠብቅ?» አሉ ሼህ ዑመር።

«ከመቃብር ለመወሰዱ ማን ይመሰክራል?» አለ ሊቀ መንበሩ።

ወጣሁ። እስከ ቤቴ ስሳደብ ሄድኩ። እሱን ይሁን ራሴን፣ እንጃ።

ሐሙስ

ብቻዬን ተመለስኩ። ሊቀ መንበሩን፣ የወሰድነው እኔና ባሌ ነን አልኩት።

«ታዲያ ሌባ ነዎታ!»

«አዎ። እኔ አውቄ ስንት ዓመት ደበቅሁት። እርስዎም አሁን አውቀው ሊደብቁት ነው። ምን ለየን?»

ካርዱን አየና፣ «ይህንኑ በጽሑፍ ያምጡና ይውሰዱት» አለኝ። ጽሕፈቴ ያምራል ሲሉኝ ኖረዋል፤ ዛሬ ግን ሦስት ወረቀት አበላሸሁ።

ዓርብ

ወረቀቱን ሰጠሁት። ድንጋዩ ከመስታወቱ ወጣ፤ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ሼህ ዑመር ሱቅ አለ።

«ለፋጡማ ተገኘ በያት፤ ይበቃል» አሉኝ። አይበቃም። እሷና ዘመዶቿ ስንት ዓመት የትኛውን የመቃብር ጉብታ እንደሚጎበኙ አላወቁም!

ነገ ስትመጣ እነዚህን ገጾች እሰጣታለሁ። ማንበብ አትችልም፤ ሼህ ዑመር ያነቡላታል። አጠገቧ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ደጄን ትረግጥ እንደሆነ አላውቅም። ገጾቹ ግን የመርየማ ልጅ የፋጡማ ናቸው።